እጢ ስል ሙና የሰማችው

ማክሰኞ

እምቢ አለ። ሽንቴን ማለቴ ነው። ሐኪሙ ጠዋት የሽንት ቱቦውን ነቅሎ «ውሃ ይጠጡና ይሞክሩ» አለኝ። ጠጣሁ። የሆስፒታሉን ግቢ ስዞር አረፈድኩ። ቧንቧ ከፍቼ የውሃውን ድምፅ አዳመጥኩ፣ አንዴ ቆሜ አንዴ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ሦስት ጠብታ። ቀትር ላይ ሆዴ ተነፍቶ ቱቦው ተመልሶ ገባ። የስድሳ ዓመት ሰውዬ አለቀስኩ።

ነገሩ የጀመረኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ከሚስቴ ከሙና ጋር ቦርደዴ ቤተሰቦቿን ጠይቀን ስንመለስ፣ አሰቦት ላይ መኪና አስቁሜ ወረድኩ፤ ጠብ አልል አለ። ሚኤሶ ስንደርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ጭሮ ሆስፒታል እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም፤ ቱቦውን ያስገቡልኝ እዚያ ነው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው ያከብራል። «አባቴ፣ የፕሮስቴት እጢዎ አድጎ የሽንቱን መንገድ ዘግቶታል። ካንሰር አይደለም፣ መርምረነዋል። በዕድሜ የሚመጣ ነው» አለኝ። መንገዶቹን እንዳልረሳ እዚህ ልጻፋቸው፤

ኪኒኑን እየዋጥኩ እንደገና መሞከር። (ዛሬ አየሁት።)

በሽንት መውጫው በኩል መሣሪያ አስገብቶ እጢውን መፋቅ። ሆድ አይቀደድም። ለሽንቱ አስተማማኙ ይሄ ነው አለ።

በእንፋሎት ማኮማተር። ቀለል ይላል፣ ግን እዚህ የለም። አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቅልኛል። ለእኔ እጢ መጠን ይስማማ አይስማማ ገና አልታወቀም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከተፋቀ በኋላ የብዙ ወንድ ዘር ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ መውለድ ይቸግራል። እንፋሎቱ ብዙ ጊዜ ይህን አይነካም። «መቼም ከእንግዲህ ልጅ አያምርዎትም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ እስከ ሰኞ መልስ እንድሰጠው ነገረኝ።

ረቡዕ

ሱቅ ከፈትኩ። የልብስ ስፌት መኪናውን ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ቱቦው ይጎትተኛል። ሥራ ትቼ ለራሴ ሰፋሁ፤ ሽርጤ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ፣ የሽንት ከረጢቱ የሚገባበት ኪስ። ከውጭ ምንም አይታይም። ጎረቤቴ ኢብሮ ጫት ይዞልኝ መጣ። ጫት የሽንቱን መንገድ ይባስ ያጠብበዋል ብሎ ሐኪሙ ከልክሎኛል አልኩት። «እነሱ መቼ ጫት ወደው ያውቃሉ!» ብሎ ብቻውን ቃመ። ኪሱን ግን አላወቀብኝም። የዛሬ ድሌ ይኸው ነው።

ሙና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን፣ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቴም ወረደባት። እኔን ሰው ሁሉ አባ ረምላ ይለኛል፣ ከሟች ሚስቴ በወለድኳት ልጅ። የሰፈሩ ሴቶች ሃዳ ነጃት፣ ሃዳ ፋሪስ እየተባሉ በልጆቻቸው እናትነት ይጠራሉ። እሷ ብቻ ሙና ናት። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?

ሐሙስ

ነገርኳት። መንገድ ላይ አሳምሬ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «እጢ ነው፤ አድጓል ይላል» አልኩ። የያዘችውን ጣሳ አስቀምጣ አፏን ያዘች። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ብዬ ቀጠልኩ፤ ሊፋቅ ይችላል፣ ግን ከዚያ በኋላ ላንወልድ እንችላለን።

«ይፋቅ!» አለች። «ዛሬውኑ ይፋቅ፣ አባ ረምላ። ልጅ የሚባል ነገር ይቅርብኝ። አንተ ብቻ ኑርልኝ።»

እፎይ አልኩ። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? ከዚያ እያለቀሰች «ወደ ሌላ ሰውነትህ ተሰራጭቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ገባኝ። አክስቷ በጡት እጢ ነው የሞተችው። ሐኪሙ እጢ ሲል ወንድ ሁሉ ይዞት የሚፈጠረውን አካል ማለቱ ነው፤ ሙና የሰማችው ካንሰር ነው።

«አይደለም፣ ሌላ ነው» ማለት ነበረብኝ። «አልተሰራጨም» ብቻ አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ግን የምፈልገውን መልስ ሰጥታኝ ነበርና ዝም አልኩ።

ዓርብ

ጁምዓ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰገድኩ። ስንጨርስ ኢማሙ ለታመመው ወንድማችን ዱዓ አድርጉ አለ። ወንድማችን የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ሙና ካንሰር ነው ብላ ለሰፈሩ ነግራ ኖሯል። ሰው ሁሉ አሚን ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ የሙና ወንድም ከቦርደዴ ለሰደቃ የሚታረድ ፍየል ይዞ መጥቷል። አቀፈኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» አለኝ፣ አላህ ይማርህ ማለቱ ነው። ከረጢቱ በመሐላችን ተጨመቀ።

ሐኪሙ ደወለ። አዲስ አበባ እንፋሎቱን የሚሠሩ አግኝቷል። መጥተው ይታዩና እንወስናለን ብለዋል፣ ቃል ግን አልገቡም። አመስግኜ ዘጋሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የኔ አፍ አሁን የኔ አይመስለኝም።

ቅዳሜ

ቤቱ ሰው በሰው ነው። የሚበላውን ሌላ ይወስንልኛል፣ የምተኛበትን ሌላ። አንዱ ማር፣ አንዱ ዘምዘም ያመጣል። እንደ ሕፃን ተቀምጫለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሃዳ ነጃት፣ እርጉዟ ጎረቤታችን፣ ልታመሰግነኝ ገባች። በእጇ የጨርቅ ጥቅል ይዛለች። ሙና ሰጥታት ነው። ፈታ አሳየችኝ፤ ሁለቱን ፅንስ ስንጠብቅ በገዛ እጄ የሰፋኋቸው ትንንሽ ሸሚዞች። «ስፌቱ ሲያምር!» አለችኝ።

«ደህና አድርገሽ ልበሺያቸው» አልኳት፤ ለልጅሽ ማለቴ ነው፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጓሮ ሄጄ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ይህን ያደረገው በሽታው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

እሁድ

እንግዶቹ ለቁርስ ሳይሰበሰቡ ነገርኳት። ካንሰር እንዳልሆነ። ሐሙስም ይህን አውቅ እንደነበር። እንፋሎቱንም፣ አዲስ አበባንም፣ ሁሉንም።

መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነበር።

«ሦስት ቀን ሙሉ ቀብሬህ ነበር» አለች። «ሸሚዞቹን ስሰጥ እያየህ?»

«አላየሁም፣ ወላሂ።»

«ብታይስ ትናገር ነበር?»

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ወንድሟን እሷው ሸኘችው፣ ምን እንዳለችው አላውቅም።

ሰኞ

ሆስፒታል አብራኝ መጣች። ከፊቴ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ አፍሬ ያልጠየቅኩትን ሁሉ ጠየቀች። እንፋሎቱ ካልያዘ እንደገና ይሠራል ወይ? ቱቦው ስንት ቀን ይቆያል? ሳይፋቅ በፊት ዘር ማስቀመጥ ይቻላል? ሐኪሙ ደንግጦ እስክሪብቶ አነሳ። የመጨረሻውን እጠይቃለሁ አላት። የሪፈር ወረቀቱን ለእሷ ሰጣት።

ስንወጣ «ረቡዕ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለች። ከእሁድ ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«እንፋሎቱ አይሆንም ካሉስ?» አልኳት። «መፋቁ ብቻ ነው ካሉስ?»

«ያኔ ትጠይቀኛለህ።»

«ሐሙስ እኮ...»

«ሐሙስ ያልኩትን እርሳው። እሱን ያልኩት ለሚሞት ሰው ነው። ያኔ ሁሉን ነግረህ፣ ደህና አድርገህ ትጠይቀኛለህ።»

እሺ አልኳት። ምን እንደምትመልስልኝ አላውቅም።