የታሰርኩበትን ክፍል ሐያት ስታየው

ቅዳሜ፣ ጥር 30 ቀን 2018

ትምህርት ስለተዘጋ የእህቴን ልጆች ሙዚየም ወሰድኳቸው። ሙዚየሙ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በጻፍኩት ጽሑፍ ምክንያት የታሰርኩበት የድሮ እስር ቤት ነው። እህቴ "እንዳትነግሪያቸው፣ ነውር ነው" ብላኛለች። ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ግን አስጎብኚው "እዚህ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ያድሩ ነበር" ሲል አላስቻለኝም።

"እኔ እዚሁ ነበርኩ። ሹሩባ ስንሠራራ ነበር የምናመሸው" አልኩት።

የሰባት ዓመቷ ሐያት አፈጠጠችብኝ። "አክስቴ፣ ሰርቀሽ ነው?"

"እውነት ጽፌ ነው።"

ስንመለስ የመገናኛ ታክሲ ውስጥ "አክስቴ እውነት ጽፋ ታስራ ነበር!" ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ "እናት፣ ትርፍ ጫኑ ብለሽ እኛንም እንዳትጽፊን!" ብሎ ሳቀ። ዝም በይ አላልኳትም፤ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን ለእናቷ እየነገረቻት ይሆናል። እህቴ ትደውላለች። ትደውል።