ያቃጠለው የእማዬ ዳንቴል አይደለም

ለወንድም ጋሼ ክፍሉ ኃይለመለኮት
ጅቡቲ

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? የወደቡ ሥራስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስስ ደኅና ናት? እዚያ ሙቀቱ እንደማያስተኛችሁ አውቃለሁ፤ የእኛ ድሬ ግን ለጥምቀት ሰሞን ብላ ትንሽ ነፈስ አድርጋልናለች። እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነን። ደኅና ነን የምልህ ግን በሕይወት አለን ለማለት ያህል ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ስትደውል አባባ ድምፁን ለቀው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቤቱ ሁሉ ይከበዋል። ጎረቤታችን ኹርሲ ነገ ለንግዷ በባቡር ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ለአባባ ፔጆ የላክኸውን ዓይነት የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር በራስህም መኪና ላይ አስገጥሜያለሁ ብለኸን ነበር። ይህችን አንቀጽ እንደጨረስክ ሂድና ኮፈኑን ክፈት። ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ቀይ ሽቦ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ሽቦው ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳም ዙሪያውን ጎማ ይኑረው፤ ብረቱ ስለት ነው፣ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሽቦውን ይልጠዋል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ባትሪውን አስፈታና እስኪስተካከል እንዳትነዳው።

አሁን ወደ እኛ ጉድ ልምጣ። ለአንተ የነገርንህ፣ እማዬ አምፑን አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው፣ ሙቀት መውጫ አጥቶ ተቃጠለ ብለን ነው። ዳንቴሉስ እውነት ነው። ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም ያለበሰች ሴት አንተ የላክኸውን ዕቃ ራቁቱን ትተወዋለች? አምፕ መተንፈስ አለበት፣ መሸፈኑም ስሕተት ነበር። ነገር ግን ሲግል ቀይ መብራት አብርቶ ራሱን ያጠፋል። ዳንቴሉ ቢበዛ መዝሙሩን ያቋርጥብን ነበር። እሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ለገብርኤል ንግሥ ወደ ቁልቢ በምንነሳበት ጠዋት ገጥሜ ጨረስኩ። አባባ ሞተሩን ሲያስነሱ ፊውዙ ተቃጠለ። ቀየርኩት፤ እሱም ተቃጠለ። እዚህ ታይዋን ሰፈር ጋራዥ አብሮኝ መኪና የሚሠራው መሃድ ሁልጊዜ፣ ፊውዝ ሲቃጠልብሽ አትናደጂበት፣ እየመከረሽ ነው ይለኛል። ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ብረት እየነካ ነበር፣ ምንጣፉን ገልጬ መፈለግ ነበረብኝ። አባባ ግን ረፈደብን እያሉ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ጎረቤቱ የልጃቸውን ሙያ ሊያይ ቆሟል። አልሆነልኝም ማለት ሞት መሰለኝ። ፊውዙን ከነቤቱ ቆርጬ ጥዬ ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩት። ልጅህ ስምረት አጠገቤ ነበረች፤ ይሄስ ብትለኝ ትርፍ ነው አልኳት። መዝሙሩ ጮኸ፣ ሰዉ አጨበጨበ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ መዝሙሩ ቀጥ አለ። አባባ ዳንቴሉ አፈነው ብለው ሳቁ። ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ዞር ስል ከኋላ ከስምረት እግር ሥር ጭስ ይወጣል። የፔጆውን የኋላ በር ታውቀዋለህ፣ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። አባባ ጠርዝ ይዘው እስኪያቆሙ እማዬ ልጅቷን አቅፋ መስኮቱን ትደበድባለች፣ እኔ ከፊት እጄን ብዘረጋ አልደርስም። ዘልዬ ወርጄ ከፈትኩና ጎትቼ አወጣኋቸው። የልጅህ ጫማ ቀልጦ ነበር። ባትሪውን እንዳልፈታ ቁልፍ አልያዝኩም፣ እኔ ባለሙያዋ! ዐብዲወሊ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ከኋላችን ደርሶ «አቦ ልጅቷን ይዘሽ ራቂ!» ብሎ ገፈተረኝና ባትሪውን ፈትቶ እሳቱን በአፈር አፈነው። እሱ ባይመጣ እሳቱ ነዳጁ ጋ ይደርስ ነበር።

ስምረት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተቃጥላለች። አዎ፣ ይህንንም ደብቀንሃል። ጤና ጣቢያ እየታጠበላት አሁን ደርቋል፣ ትሮጣለች፤ ጠባሳው ግን አይጠፋም። ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።

አባባ እዚያው መንገድ ዳር ጥፋቱን ለዳንቴሉ ሰጡ፣ እኔም ዝም አልኩ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ በእጇ አልነካችም፤ የልጅ ልጄን በገዛ እጄ ልፈጃት ነበር እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አጽናናታለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ! ከትናንት በስቲያ የስምረትን የትምህርት ቤት ቦርሳ ሳጥብ ያ የቆረጥኩት ፊውዝ በካልሲ ተጠቅልሎ ወጣ። ለምን ደበቅሽው ብላት፣ አባባ አይተው እንዳይቆጡሽ ነው አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ! የሰባት ዓመት ልጅ የእኔን ውሸት ተሸክማ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰንብታለች።

ዛሬ ምሳ ላይ ለሁለቱም ተናዘዝኩ። አባባ ሳይበሉ ተነሱ። እማዬ አልተቆጣችኝም፣ ግንባሬን ሳመችኝ፤ እሱ ደግሞ ከቁጣው ባሰብኝ። የቀረኸው አንተ ነህ። ልጄን ወደዚህ አመጣታለሁ ብትል የምከራከርበት አፍ የለኝም። ስምረት ከሄደች ይህ ቤት ምን እንደሚሆን ግን አንተም ታውቀዋለህ።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። አባባ ሰላም ብለውሃል ብዬ እንዳልጽፍ እስካሁን አላናገሩኝም፤ ቢያናግሩኝ እንደሚሉህ ግን አልጠራጠርም። መሃድ እጅ ነስቷል። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስን ሳምልኝ። ስምረት ከምሳ በኋላ መጥታ፣ አሁንስ ለአባቴ ልንገረው ወይ አለችኝ። ንገሪው አልኳት። ስትደውል መጀመሪያ እሷን አናግራት፤ የምትነግርህ ሁሉ እውነት ነው።

እህትህ ኑኃሚን ኃይለመለኮት
ድሬዳዋ
ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.