ከሱሉልታ የመጣ ዜሮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ዜሮ። ኤጭ! ቡራዩ፣ እኛ ጣራ ላይ ያለው የሬዲዮ መቀበያ ጤነኛ ነው፤ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ጣጣው ሱሉልታ፣ እጮኛዬ ናሆም የተከራየበት ግቢ የሰቀልነው ማሰራጫ ነው። ርካሽ ዕቃ! ለማስተርስ ጥናቴ ብሎ ማታ ማታ ቁልፉን ይጫንልኛል። ሲጫን አንድ ይደርሰኛል፣ ካልተጫነ ዜሮ። ግን ዕቃው ሲበላሽም ዜሮ ነው። እስቲ ለዪ፣ ማስታወሻዬ!

አንድ ሲደርሰኝ «ደህና እደሪ» ማለቱ ነበር።

ደወልኩለት። አያነሳም። ኔትወርክ ይሆናል። እሑድ ሽማግሌ ይልካል፤ ሩጫ ላይ ነው የኔ ጌታ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የጥናት አማካሪዬ ተቆጡ። ዝምታን ሁሉ በዕቃው ካሳበብሽ እውነተኛ ዜሮ ቢመጣም አታምኚም አሉኝ። ሌላ ሰው መጀመሪያ ቁልፉን ይጫን፤ አንድ ከደረሰሽ ማሰራጫው ደህና ነው አሉ።

የናሆም አከራይ ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ። አካም ጅርቱ ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ቁልፉን ተጫኑልኝ። አንድ! ፍንትው ያለ አንድ! በደስታ ጮህኩ።

ከዚያ ናሆምን አቅርቡልኝ አልኳቸው። እየተንተባተቡ የለም፣ ወጥቷል አሉኝ። ውሸት አያውቁበትም ሰውዬው። ከጀርባቸው ሲስቅ ሰማሁት።

ምናልባት ሌላ ሰው ነው። የሰው ሳቅ ይመሳሰላል።

አይመሳሰልም። የሱ አይመሳሰልም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። አመሻሽ።

አጎቴ ከተጂ ከተማ በግ ይዞ መጣ። አክስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትዘፍናለች። አባዬ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ሶፋ ሦስቴ አዟዟረው።

ለናሆም መልእክት ላክሁ። ነገ ሽማግሌዎቹን የምትልክ ከሆነ ቁልፉን ተጫን፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም አልኩት። ማንበቡን ስልኬ አሳየኝ። ኦቦ ገመቹንም ለመንኳቸው፤ እሳቸው ሲጫኑ አንድ ደረሰኝ። ናሆም ክፍሉ ውስጥ ነው፣ መብራትም አለ፣ አሉኝ። ድምፃቸው ተሰባብሯል። አይዞሽ ልጄ አሉኝ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ጠበቅሁ። መሸ። ጠበቅሁ።

ዜሮ።

ወይ እኔ! ስንት ሳምንት ሙሉ ብየዳውን ሳማ፣ አንቴናውን ሳማ። ሰውዬውን አንድ ቀን አላማሁትም። እወደዋለሁ እኮ። አሁንም፣ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ እወደዋለሁ።

አጎቴ ቢላዋ እየሳለ ነው። በጉ ከመታረዱ በፊት ለአባዬ እኔው ልንገረው። ከሰው አፍ አይስማ። እንባዬን ጠርጌ እወርዳለሁ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጠውና፣ አባዬ፣ ነገ ማንም አይመጣም እለዋለሁ።