ጋቢ አልብሰው ያሰናበቷት እትየ ዘይነባ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለሰው አልናገረውም፤ እዚህ ግን ይውጣልኝ። እትየ ዘይነባ ከሥራዋ ስትባረር የኔም እጅ አለበት። ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ያደረግሁላት እኔ ነኝ፤ ያውም እንባዬን እየጠረግሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ የምትሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ «ለአንጋፋ ሠራተኞቻችን ምስጋና» የሚል ዝግጅት አለን፣ መድረኩን ምሪልን አለኝ። መድረክ ተሰጥቷት እምቢ የምትል ሴት አለመሆኔን ደሴ በሙሉ ያውቃል። ቀሚሴን አስተኮስኩ፣ ሄድኩ፣ አሞገስኩ። እትየ ዘይነባ ጎረቤቴ ናት። ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመታሸጉ በፊት በእጇ እየዳበሰች ጉድለቱን የምታወጣ የጥራት ክፍል ሠራተኛ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ጋቢው ተሰጣት፣ ተጨበጨበላት፣ ከዚያ «እናታችን፣ ይመርቁን» ተባለች። ወሎ ውስጥ ትልቅ ሰው መርቅ ተብሎ እንዴት እምቢ ይላል? አጠገቧ የቆመችውን ሰሚራ የምትባል ልጅ «አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ሪዝቅሽን ያስፋው» ብላ መረቀቻት። አሚን አልን። ለካ ሰሚራ ጠረጴዛዋን የምትረከባት ልጅ ናት።

ከዝግጅቱ በኋላ የዓመት ፈቃድዎን ይውሰዱ አሏት፤ ወሰደች። ፈቃዱ አልቆ ዛሬ ጧት ሆጤ መንገድ ዳር ሰርቪስ ስትጠብቅ፣ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስምዎ ከዝርዝሩ ወጥቷል አላት። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በሬን አንኳኳች፤ ምሳ ዕቃዋ በእጇ ነው።

«አስኩ፣ ወላሂ፣ አንቱ እያሉ ነው ያባረሩኝ» አለችኝ።

የባሰው ገና ነው። ባለፈው ሳምንት በምጽፍበት መጽሔት ላይ፣ በገዛ ዓምዴ፣ ስለዚያ ቀን ጽፌያለሁ። «በክብር ተሸኘች» ብያለሁ። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ ለዓረፍተ ነገሩ ማማር ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አብረን ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው እስኪታይ ድረስ ወሬ አልጀመርኩም። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሰው ሀብት ኃላፊው ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ወጣት ነው። ብድግ ብሎ ተቀበላት፣ ወንበሩን ራሱ ሳበላት። ድካምዎ ይበቃል አለ፤ አዲስ የመመርመሪያ ማሽን ገብቷል፣ የወጣት ዓይን ይፈልጋል፣ እርስዎ አሁን የልጅ ልጅ የሚያቅፉበት ጊዜ ነው። ማሽኑን ሞክራው ታውቃለች ወይ አልኩት። አልሞከረችም። ጉድለት አሳልፋለች? አላሳለፈችም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለባት? የለባትም። ዕድሜዋስ? ፋይሉን ገልጦ አየ፤ ሃምሳ ሰባት።

አሁን ያዝኩት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከዚያው ፋይል ውስጥ አንድ ገጽ አወጣ። የኔ ዓምድ። «በክብር ተሸኘች» የሚለው በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል።

«እሳቸውም ተስማምተው ነው የተሸኙት። እርስዎ ራስዎ ጽፈውት የለ?»

ስንወጣ እትየ ዘይነባ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቶው ግን ደግ ነው፣ ያውዳል አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠበቃ ሀያት ዘንድ ሄድን። ቢሮዋ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ ከልብስ ሱቆቹ በላይ ነው፤ ሕግ ስታስረዳ ከታች የዋጋ ክርክር ይሰማል። መጀመሪያ የኔን ዓምድ አንብባ ሳቀችብኝ፤ ይገባኛል። የነገረችንን በመብራት ክፍያ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት፦

ጡረታ በስድሳ ነው፤ ሦስት ዓመት ይቀራታል። ፋብሪካው ስለቸኮለ ዕድሜዋ አይቸኩልም።

ሕጉ በሠራተኞች መካከል አድልዎን ይከለክላል። ዕድሜን በስሙ ባይጠራውም፣ ከዘረዘራቸው ሌላ ያለውንም ሁኔታ ስለሚጨምር እዚያ ውስጥ ይገባል ብላ ትከራከራለች። ቀላል ነው አላለችም። እከራከራለሁ ነው ያለችው።

ሠራተኛ ማሰናበት ከችሎታው ወይም ከጥፋቱ ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ትልቅ ሰው ነዎት ማለት ምክንያት አይደለም።

ተስማምታ ነው የለቀቀችው ካሉ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ጋቢ ጽሑፍ አይደለም። ምርቃትም አይደለም። የኔ ዓምድ ጽሑፍ ነው፤ ግን እትየ ዘይነባ አልጻፈችውም።

ወደ ሥራዬ መልሱኝ ለማለት ሦስት ወር አላት። ሦስት ወር ሲባል ብዙ ይመስላል፤ አይደለም አለች።

ልቤ ሞላ። ልንነሳ ስንል ሀያት እንደ ዋዛ ጠየቀች፤ «እትየ ዘይነባ፣ ያን ቀን የፈረሙት ነገር ነበር?»

ነበር አለች እትየ ዘይነባ። ጋቢውን ከመቀበሏ በፊት ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አስፈርመዋታል። መነጽሯን አልያዘችም ነበር። ምን እንደሚል አታውቅም።

ሀያት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የቀኑ ጭንቀት አንድ ነው፤ ያ ወረቀት። ያስፈረሟት የመልቀቂያ ስምምነት ከሆነ ሀያት ትናንት የነገረችን ግማሹ ገደል ገባ። መነጽር አለመያዝ መከራከሪያ ይሆናል ወይ ብዬ ደወልኩላት፤ ይሞከራል አለችኝ። ድምፅዋ አልጣመኝም።

ሰፈሩ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ አማካሪ ሆኗል። ምን አጣሽ፣ ልጆችሽ አሉልሽ፣ አረፍ በይ የማይላት የለም። ማረፍ ስፈልግ ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በሷ ደመወዝ ነው የቆመው፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። አንዷ ጎረቤት ልጅቱን የመረቅሽውን አንሺባት ስትላት ግን እትየ ዘይነባ ተቆጣች። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

«የመረቅኩትን አልነጥቅም። ምርቃቴ ለልጅቱ ነው። ጠረጴዛዬ የኔ ነው።»

ይህንን ዓምዴ ላይ ባወጣው ብዬ እጄ በላኝ። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አልሃምዱሊላህ ልበል፣ ከእትየ ዘይነባ ተዋስኩት።

ከጁምዓ በኋላ ቤቷ ቁጭ ብለን ሳለ ሰሚራ መጣች። ራሷን ተሸፋፍና፣ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ልግባ አልግባ ብላ ግራ ገብቷት። እትየ ዘይነባ እጇን ይዛ አስገባቻት። ልጅቱም ያን ቀን «ትጉህ ወጣት» ተብላ ጃንጥላ ተሸልማ ነበርና እዚያው ወረቀት ላይ ፈርማለች። በሕይወቷ የመጀመሪያ ሽልማቷ ስለሆነ ለእናቷ ለማሳየት ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። ከላይ «የስጦታ መረከቢያ» ይላል። ከሥሩ፦ ዘይነባ፣ ጋቢ አንድ። ሰሚራ፣ ጃንጥላ አንድ። ሌላ ምንም የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እትየ ዘይነባም መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

ልጅቱ ሌላም ነገር ይዛ መጥታለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ፣ ከሃምሳ በላይ የሆኑ ሦስት ሴቶች ቀጣዩ ዝግጅት ላይ «ይመሰገናሉ» ብሏል። ሳቅም ነበር አለች። እመሰክራለሁ ስትል እትየ ዘይነባ ከለከለቻት፤ አንቺም እንጀራሽ ነው፣ ተይ አለቻት።

«እማ ዘይነባ፣ መርቀውኝ ሲያበቁ ዝም ብል ምርቃቱ ይይዝልኛል?»

አብሽሪ፣ አይዞሽ አለቻት እትየ ዘይነባ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጧት ሀያት ደብዳቤውን ለፋብሪካው አስገባች፤ ወደ ሥራዋ ካልተመለሰች ክስ እንደሚከተል በግልጽ ተጽፎበታል። የስጦታው ዝርዝር ተያይዟል። የኔም ቃል ተያይዟል። ዝግጅቱ ምስጋና ነው ተብዬ እንደተጠራሁ፣ «ተሸኘች» የሚለው የራሴ ማሳመሪያ እንደሆነ ጽፌ ፈረምኩ። ለአዘጋጄም ማረሚያ ይውጣልኝ አልኩት። አንቺና ማረሚያ አትተዋወቁም ብሎ ሳቀ፤ ግን ያወጣዋል። ያሳፍራል፣ ግን ቀለለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋብሪካው ደወለ። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ሰኞ ሥራ ይግቡ ተባለች። በየትኛው ሥራ ላይ እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ሀያት ይህን ክፍተት አልወደደችውም። መጥረጊያ ቢሰጡዎት አይከራከሩ፣ አይፈርሙ፣ ማን እንዳዘዘዎትና ሰዓቱን ይመዝግቡና ወዲያው ይደውሉ ብላ መከረቻት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሰርቪሱ ቆመላት። እኔ ከኋላ በሚኒባስ ተከትዬ ወረድኩ፤ ማንም አልላከኝም፣ ቤት መቀመጥ አቃተኝ እንጂ። አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስታልፍ አየኋት። ዞር ብላ አላየችኝም፤ ሥራ የሚገባ ሰው ነው የምትመስለው።

አሁን ፋብሪካው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሦስተኛ ሻዬ ነው፣ ባለቤትየዋ ሚስጥሬን በሙሉ አውቃለች። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። እትየ ዘይነባ ካልደወለች ጥሩ ነው ብላኛለች ሀያት። ቀኑን ሙሉ ስልክ እንዲጮህልኝ የምለምን ሴት፣ ዛሬ እንዳይጮህ እየለመንኩ ነው። እስካሁን ዝም ብሏል።

ፈረቃዋ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስትወጣ የት እንዳዋሏት እጠይቃታለሁ፤ የምትለኝን ሳልቀንስ፣ ሳላሳምር፣ ሐረጎን ሳልወጣ እዚሁ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ።