ድምፁን የበላው ቁልፍ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥቅምት 12

ለምወድህ ልጄ፣ ለኔ ግትር፤

እንዴት ነህ? የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ብርዱ በርትቷል ብለኸኛልና ደርበህ ልበስ። እኛ ደህና ነን። አባትህም ያው ጸጉር ቤቱን ከፍቶ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ይውላል። ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ ክፍሌ ውስጥ ያለውን የመቅጃ ዕቃ ሽጪው፣ ዘፈን ለኔ አልተሰጠም» አልከኝ። አልሸጥኩም፣ አልሸጥምም። ምክንያቱን እስክነግርህ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል።

አክስትህ ዘፈን ልቅዳ ብላ በአንተ ኮምፒውተር ቀዳኋት። ያስተማርከኝን የረሳሁ እንዳይመስልህ። ሳቀናብረው ድምፅዋ ከሁለቱ ስፒከሮች ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። ጨርሼ ፋይሉን አወጣሁና ለሬዲዮ ጣቢያው ላክሁ። አዘጋጁ ደውሎ «እናቴ፣ ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኟ ግን ጉድጓድ የገባች ነው የምትመስለው» አለኝ። ስልኬ ላይ ከፈትኩት፤ እውነቱን ነው። ጊታሩ አለ፣ ከበሮው አለ፣ የአክስትህ ማሚቶ ብቻ ቀርቷል። እሷ ደግሞ ሆን ብዬ የደፈንኳት መስሏት አኮረፈችኝ።

ጥራቱን ከፍ አድርጌ ደግሜ አወጣሁት፤ ያው ነው። ድምፅዋን ጨመርኩ፤ ማሚቶው ባሰበት። በመጨረሻ የቀኙን ስፒከር ገመድ ነቀልኩ፤ ድምፅዋ አለ። ቀኙን መልሼ ግራውን ነቀልኩ፤ አሁንም አለ። የሚጠፋው እንደ ስልኬና እንደ ሬዲዮ ግራና ቀኙ ተደባልቀው በአንድ ስፒከር ሲወጡ ብቻ ነው። እንደ እኔና እንደ አባትህ፣ ለየብቻ ስታናግረን ደህና ነን፣ አብረን ስናወራ ግን ማናችንም አንሰማም።

የድምፅዋን መስመር ከፍቼ ያለውን የድምፅ ማሳመሪያ ሁሉ ተራ በተራ እያጠፋሁ ስሞክር ሌባውን ያዝኩት። ድምፅን ወደ ግራና ቀኝ የሚያሰፋው ቁልፍ እስከ ጥግ ተጠምዝዟል። የሚያሰፋው ግራና ቀኙን ተቃራኒ እያደረገ ስለሆነ፣ አንድ ስፒከር ላይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ወደ ዜሮ መለስኩትና አወጣሁት። አክስትህ ከስልኬ ውስጥ ቁልጭ ብላ ወጣች። ለራሴው አጨበጨብኩ፣ ጣቢያውም ተቀበላት።

አሁን ደህና አድርገህ ስማኝ። ያንን ቁልፍ እኔ አልነካሁትም። ሥራ የምጀምረው አንተ አዘጋጅተህ የተውክልኝን ፋይል እየገለበጥኩ ነው። ወዲያው የድሮ ዘፈኖችህን ከፈትኳቸው። ሁሉም ላይ ቁልፉ እስከ ጥግ ተጠምዝዟል። ጣቢያው የመለሰብህ፣ አባትህ በጸጉር ቤቱ አንዲት ስፒከር ሰምቶ «ይሄ ልጅ ለዘፈን አልተፈጠረም» ያለህ፣ አንተም ጓዝህን ጠቅልለህ የሄድክበት ዘፈን፣ አንድም ሰው በወጉ አልሰማውም ነበር። ከቁልፉ በቀር ምንም ሳልነካ አስተካክዬ አወጣሁት።

ትናንት ለማንም ሳልናገር ጸጉር ቤት ሄጄ በዚያችው ስፒከር ከፈትኩት። አባትህ የአንዱን ደንበኛ ጢም ግማሹን ላጭቶ ቆመ።

«ማነው ይሄ?»

«ልጅህ ነዋ» አልኩት።

ዘፈኑ እስኪያልቅ ምላጩን አላነሳም። ደንበኛውም ግማሽ ጢሙን ይዞ አዳመጠ፣ ሲያልቅም «ይደገም» አለ። አባትህ ጀርባውን ሰጥቶኝ የታጠፈ ፎጣ እየፈታ ያጥፋል። ኮራሁ ልጄ፣ ምን ልደብቅህ፤ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የተመለስኩት።

ዘፈኑን ዛሬ በኢሜይል ልኬልሃለሁ። ለጣቢያው አልሰጠሁም፤ ያንተ ነውና አንተው ላከው።

ይህን ስጽፍ አባትህ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። «ምን ልበልልህ?» አልኩት። «እዚያ ጸጉሩን ማን ነው የሚቆርጠው?» አለ። የዚህን መልስ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ጻፍለት።

ብርድ ጉሮሮህን አይድፈረው፣ ክፉ አይንካህ፣ የለፋህበት ይስመርልህ።

እናትህ