የበሩ አናት አበቦች

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
ዝናቡ አባራ። ፖንቴው፣ የእንጨት መወጣጫው ላይ ወጥቻለሁ፤ ደብተሬ፣ አንተ ኪሴ ውስጥ ነህ። ከት/ቤቱ ዋና በር በላይ ከነበሩት አምስት የግድግዳ ቅርጽ አበቦች የቀረው አንድ ነው። አራቱ ረግፈዋል። እቅዱ ቀላል፦ የተረፈውን አጽድቼ፣ ቅርጹን በጀሶ ወስጄ፣ ሌሎቹን በእሱ ልክ ማውጣት። የሠራቸው አባቴ ነው፣ በወጣትነቱ። ባለሥልጣን ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ቀለም ሲደረብበት ኖሮ ቅጠሉ ከቅጠሉ አይለይም። መፋቅ ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8
አባዬ ዛሬም ከአልጋው ሆኖ ስለ አበቦቹ ጠየቀኝ። የኛን የልጆቹን ስም ያደባልቃል፣ አበቦቹን ግን ያውቃል። ንጹሕ ሲሚንቶ ነው፣ አትፍራው፣ አለኝ። ዕድሜ ልኩን የሚለው ይህንኑ ነው። ከጊምቢቹ ወደ ሆሳዕና ከተማ ለገበያ የመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ በር ሥር ቆሞ ሳያንጋጥጥ አይመለስም ነበር። ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10
ቀለሙ ተፍቆ አለቀ። ለሲሚንቶ እንደሚደረገው በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ውሃ አፈሰስኩበት። ቡናማ ውሃ ወረደ። ቆሻሻ መሰለኝ፤ ጨመርኩ። አበባው እንዳለ እጄ ላይ ተናደ። ጭቃ! ጭቃና የእንሰት ቃጫ፣ ላዩ ላይ ስስ ኖራ። ይዞት የኖረው ያ ስረግመው የሰነበትኩት ቀለም ነው።
ምነው እጄን በቆረጠው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11
ለር/መምህሩ ነገርኳቸው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የድሮ ፎቶ አመጡ፤ አበባው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ። በግምት ሥራው፣ ማን ያውቃል፣ አሉኝ።
ቤት ገብቼ ለአባዬ ተናዘዝኩ። ከዚያ እሱም ተናዘዘ። ሲሚንቶው ሳይደርስ የት/ቤቱ የምረቃ ቀን ደረሰ፤ ከእናቱ ጓሮ ጭቃና ቃጫ አምጥቶ ሠራው። ሰው እንዳይስቅበት ሲሚንቶ ነው አለ። አንዴ ካለ በኋላ መመለሻ ጠፋው። ለእኔ እንኳ፣ ግንበኛ ለሆንኩት ልጁ! ተናደድኩ። እሱ ሲያለቅስ ግን እኔም አለቀስኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13፣ ከቸርች መልስ
ጭቃ አቡክቼ ለአባዬ ሰጠሁት። አሳየኝ፣ አልኩት። አንድ ቅጠል ልትወጣ ደረሰች፤ መልሶ ደፈጠጣት። ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ መዳፉን አይቶ፣ "ይሄን የሰጠኝ ማነው?" አለ።
"እኔ ነኝ፣ አባዬ። አበባውን እንድታሳየኝ።"
"እንጃ። እኔ የምሠራው በሲሚንቶ ነው።"
እጁን በሞቀ ውሃ አጠብኩለት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14
ወሰንኩ። ከበሩ በላይ ልስን ብቻ፣ ባዶ። ር/መምህሩ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ካሉም ይስጡ። በግምት ሠርቼ የአባቴ ነው አልልም። ከእጁ ሥራ የተረፈ የለም፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።
ጠዋት ጎረቤት ሊጠይቀው ገባ። አባዬ የነገርኩትን ረስቶታል። ልጄ አበቦቼን እያደሰ ነው፣ ሄደህ እያቸው፣ አለው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ አበቦቹ እንዴት ሆኑ፣ አለኝ። አባዬም ዞረ።
አምረዋል፣ አልኩ።