ለማጅ የሚለው ሰሌዳ

ሰኔ 12፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔም እናትሽም ደህና ነን። የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ትደነግጪ ይሆናል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና። አይዞሽ፣ የታመመ ሰው የለም።

ማክሰኞ ለብቻዬ እየነዳሁ እናንተ ከተማ መጥቼ ነበር። ለእናትሽ «ከተማውን አይቼ ልመለስ» አልኳት። እሷ ግን ሳቅ አለችና የምትነጂውን አውቶቡስ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችው።

ከተማችሁ ግሩም ነው። ድልድዩ ላይ ቆሜ መርከቦቹን ሳይ ምሳዬን ረሳሁ። የቤተ መጻሕፍቱን የድንጋይ ደረጃም እስከ ጫፍ ወጣሁት፤ ጉልበቴ እስካሁን እየወቀሰኝ ነው። መከራው መንገዱ ላይ ነው። አደባባዩን አራት ጊዜ ዞርኩት፣ መውጫ የሚሰጠኝ አጣሁ። በሦስተኛው ዙር አበባ ሻጯ ሰላም ትለኝ ጀመር።

ሰዉ ሁሉ ደግሞ ለምን በአዘኔታ እንደሚያየኝ ግራ ገባኝ። መብራት ላይ አንድ ባለታክሲ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞዎት አባባ፣ ቀስ እያሉ ይለምዱታል» አለኝ። ለካ ከማስተማሪያ መኪናዬ ጣሪያ ላይ «ለማጅ» የሚለውን ሰሌዳ ሳላነሳ ነው የመጣሁት። ሠላሳ ዓመት መንዳት ያስተማርኩ ሰውዬ።

አሥር ሰዓት ገደማ ገበያው አጠገብ መንገዱ ተዘጋጋ። ወደ ግራው ረድፍ ልገባ ስል ሞተሩ ጠፋብኝ፣ ያውም አውቶቡስ ፊት። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። የአውቶቡሷ ሹፌር ግን ጥሩምባ አልነካችም። ያን ሁሉ ሰው እንደጫነች ቆማ፣ መዳፏን ወደ ታች እያደረገች «ቀስ፣ ቀስ» የሚል ምልክት አሳየችኝ። ወረቀቱን ከኪሴ ማውጣት አላስፈለገኝም። አንቺ ነበርሽ።

መኪናዋን ሰማያዊ ካስቀባኋት ወዲህ አላየሻትም፤ እኔም ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግኩ። ሁለቴ አስነስቼ ሁለቴ ጠፋብኝ። ጠበቅሽኝ። ከዚያ ያን ግዙፍ አውቶቡስ በዚያ ጠባብ ኩርባ ስታዞሪው የቆሙት ተሳፋሪዎች እንኳ አልተወዛወዙም። እኔ እንዲህ አልነዳም ልጄ። ኮራሁብሽ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። ያኔ መንዳት ሳስተምርሽ ዳገቱ ላይ መኪናው ሦስት ጊዜ ጠፍቶብሽ፣ «አንቺ ለመሪ አልተፈጠርሽም» ያልኩሽ ቀን፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። በእኔ በኩል ያለውን የአስተማሪ ፍሬን የረገጥኩት እኔ ነበርኩ። መንዳት ከቻለች ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺም ከሌላ ሰው ተምረሽ ሄድሽ።

ትናንት መካኒኩን ያን ፍሬን ነቅለህ አውጣልኝ አልኩት። «እና እንዴት ልታስተምር ነው?» አለኝ። ማስተማሩ በቃኝ አልኩት። እኔ በምቀመጥበት በኩል አሁን ምንም የሚረገጥ ነገር የለም። ስትመጪ አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ እዚያ እቀመጣለሁ።

መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ፤ የጫንሻቸውንም በሰላም ያግባልሽ።

አባትሽ፣
ለማጁ